ሰፊው ሰማይ እንዴት ይጠብባል?

በአሽቀሎን ባሕር ዳር ቆሞ ትንሽ የግል አውሮፕላን ስታልፍ ያየ፣ «በዚህ ሁሉ ሰማይ እንዴት ይጋጫሉ?» ይል ይሆናል። ነገር ግን በአገራችን አብዛኛው ሰማይ የአየር ኃይል ስለሆነ፣ የግል አውሮፕላኖች የሚበሩት በተወሰነላቸው መስመርና ከፍታ ነው። በ1997 በሰሜን፣ ሸአር ያሹቭ ላይ፣ ሁለት የጦር ሄሊኮፕተሮች ተጋጭተው 73 ወታደሮች እንዳለቁ አንረሳም።

ዓይንም ያታልላል። ለግጭት የሚመጣው አውሮፕላን በመስተዋቱ ላይ አይንቀሳቀስም፤ የዝንብ ያህል ነጥብ ሆኖ ይቆይና በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በድንገት ይገዝፋል።

በ1986 ሎስ አንጀለስ አጠገብ አንዲት ትንሽ ፓይፐር ከሜክሲኮ የመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጭታ 82 ሰው ሞተ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ትላልቆቹን የማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲይዙ አስገደደች፤ ትናንሾቹን ግን ይህ ግዴታ አልነካቸውም። ስለዚህ ሁለት ትናንሽ አውሮፕላኖች ሲገናኙ፣ ዛሬም ብዙ ጊዜ ያለው ጠባቂ ያው የሚታለለው ዓይን ነው።