በሴንት አንድሪውስ እሑድ ጎልፍ የለም

ጎልፍ እንወዳለን ስንል ወዳጆቻችን ይስቁብናል። «የሀብታም ጨዋታ!» አጥር፣ ዘበኛ፣ ነጭ ሱሪ፣ በአባልነት ካርድ ብቻ የሚከፈት በር...። እውነቱን እንናገር ካልን ጎልፍ ይህን ስም ያገኘው በራሱ ሥራ ነው። የማስተርስ ውድድር ከ1934 ጀምሮ የሚካሄድበት የአሜሪካው ኦገስታ ናሽናል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያውን ጥቁር አባል የተቀበለው በ1990 ነው። ሴቶች እስኪገቡ ደግሞ 2012 መድረስ ነበረበት። ዛሬም ቢሆን ካልተጋበዙ አባል አይኮንም። ስለዚህ ሳቁ ይገባናል።

ግን እስቲ ትንሽ ታገሡን። የጎልፍ አፍቃሪ ሁሉ «ሳልሞት አንዴ ልርገጠው» የሚለው ሌላ ሜዳ አለ፤ ስኮትላንድ ውስጥ፣ ሴንት አንድሪውስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ከባሕሩ አጠገብ። ስሙ ኦልድ ኮርስ ነው፤ «አሮጌው ሜዳ» እንደማለት። የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓድ ይኑረው የሚለው ልማድ የመጣው በ1764 እዚህ 22ቱ ወደ 18 ስለተቀነሱ ነው። ታይገር ዉድስ በ2000 ኦፕንን ያሸነፈው እዚህ ነው፤ ያውም አራቱን ቀን ሙሉ ኳሱ ከ112ቱ የአሸዋ ወጥመዶች አንዱ ውስጥ እንኳ ሳይገባ። ጃክ ኒክላውስም በ2005 ተመልካቹን የተሰናበተው በዚሁ ሜዳ፣ ስዊልካን በምትባለው የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆሞ ነው።

እኛም ይህን በቴሌቪዥን ያደግንበትን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ልናየው የሄድነው እሑድ ቀን ነበር። በሩን ፈለግን። በር የለውም! ሰው ከከተማው መንገድ ወርዶ ዝም ብሎ ይገባል። አንዲት አሮጊት ውሻቸውን ያንሸራሽራሉ፤ ሕፃናት የዓለም ታላላቆች እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ያጠናቀቁበት 18ኛው ሣር ላይ ይሯሯጣሉ። እሑድ፣ ታላቅ ውድድር ካልኖረ በቀር፣ ጎልፍ የለም። ሜዳው የከተማው ሕዝብ መናፈሻ ይሆናል።

በእግር ሲሄዱበት ደግሞ ሌላ ሜዳ ነው። በቴሌቪዥን እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ የሚመስለው ሣር እብጠትና ጎድጓዳ ብቻ ነው። 14ኛው ላይ ያለውና «ሲኦል» የሚሉት የአሸዋ ወጥመድ ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም፤ ጠርዙ ሥር ቆሞ ቀና ለሚል ሰው ግድግዳ ነው። ያቺ ዝነኛ ድልድይ ግን ርዝመቷ ወደ 9 ሜትር ብቻ ነው። ከመነሻዋም ለእረኞችና ለከብቶቻቸው የተሠራች እንጂ ለሻምፒዮኖች ፎቶግራፍ የታሰበች አይደለችም።

ታዲያ ይህ ሜዳ እንዴት ያለ አጥር ቀረ? ደግነት እንዳይመስላችሁ። በ1552 የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ በዚህ አሸዋማ መሬት ጥንቸል እንዲያረቡ ሲፈቀድላቸው፣ ነዋሪው ጎልፍም ኳስም የመጫወት መብቱ እንደተጠበቀ በጽሑፍ ሰፈረ። ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ ግን ዕዳ ያጎበጠው የከተማው ምክር ቤት በ1797 መሬቱን ሸጠው። ብዙም ሳይቆይ የጥንቸል ነጋዴዎች እጅ ገባ። ጥንቸሎቹ ሜዳውን ይቆፍራሉ፣ ጎልፈኞቹ ነጋዴዎቹን ይከሳሉ፤ ፀቡ ሃያ ዓመት ያህል ዘለቀ። በ1821 አንድ ጎልፍ ወዳድ ባለርስት ገዝቶ ከጥንቸሎቹ አዳነው። ከተማዋ በፓርላማ ሕግ መልሳ የራሷ ያደረገችው ግን በ1894 ነው። ከ1974 ወዲህ ደግሞ በሕግ የተቋቋመ ባለአደራ ድርጅት ያስተዳድረዋል።

«ታዲያ እኛም ሄደን እንጫወትበታለና!» የምትሉ ካላችሁ፣ ቀስ በሉ። በበጋ አንድ ዙር ለእንግዳ ከ300 ፓውንድ በላይ ነው፤ ለዚያውም ብዙው ሰው ተራ የሚያገኘው በዕጣ ነው። የከተማዋ ነዋሪ ግን በዓመታዊ ካርድ እጅግ ባነሰ ዋጋ ይጫወታል። ከ1ኛው ጉድጓድ መነሻ ጀርባ የተገተረው ያማረ ሕንፃም የግል ክለብ ነው፤ ሴቶች አባል እንዲሆኑ የወሰነው ገና በ2014 ነው። ልብ በሉ፤ ሕንፃው የክለቡ ነው፣ ሜዳው ግን የክለቡ አይደለም።

የእኛ ነገር ይኸው ነው። አንድን ቦታ ታላቅ የሚያደርገው ስንት ሰው ከደጅ እንዳስቀረ ከመሰለን ተሳስተናል። ኦልድ ኮርስ ላይ የውሻ መንሸራሸር የሻምፒዮናውን ክብር አልቀነሰም። በጨዋታ ቀን እንኳ 1ኛውንና 18ኛውን ሜዳ አቋርጦ በሚያልፈው የሕዝብ መንገድ ሰው ይሻገራል፤ ጎልፈኛውም ቆሞ ያሳልፋል። ዓለም ግን አሁንም ወደዚያው ይጎርፋል፤ 150ኛው ኦፕን በ2022 የተካሄደውም እዚያው ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ምክራችን እሑድን እንድትመርጡ ነው። ዱላችሁን ማረፊያችሁ ትታችሁ፣ ከ18ኛው ተነሥታችሁ ወደ ኋላ ተራመዱ። ስትራመዱም አንድ ሒሳብ አስቡ፦ የጋራ ሜዳን ለመሸጥ አንድ ፊርማ በቂ ነበር፤ ለማስመለስ ግን 97 ዓመት ፈጀ።