የማንበብ ብቃት በአጭር ሥልጠና አይሸመትም

በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የንባብ ፍጥነትን ሦስትና አራት እጥፍ እናሳድጋለን፣ የተነበበውም ከአእምሮ እንዳይጠፋ እናደርጋለን የሚሉ ሥልጠናዎች በዓለም ገበያ መሸጥ ከጀመሩ ከስድሳ ዓመታት በላይ ሆኗቸዋል። ትናንት በአዳራሽና በመጽሐፍ ይቀርቡ የነበሩት ዛሬ በስልክ መተግበሪያና በቪዲዮ ተሰናድተው ፈተና የደረሰበት ተማሪ እጅ ላይ ይገኛሉ፤ ልጄ ወደ ኋላ ቀረብኝ በሚል ሥጋት ውስጥ ያለ ወላጅም ለእንዲህ ዓይነቱ ተስፋ ጆሮውን ቢሰጥ አያስገርምም። ይህ ጋዜጣ ጉዳዩን መርምሮ የደረሰበትን ፍርድ ለአንባቢያንም ለሚመለከታቸው ኃላፊዎችም በግልጽ ማስቀመጥ ተገቢ ሆኖ አግኝቶታል። ፈጥኖ ማንበብና አጥልቆ መረዳት ተነጣጥለው የሚገዙ ችሎታዎች አይደሉም፤ ሁለቱንም የሚያሳድጋቸው ከልጅነት የሚጀምርና ለዓመታት የሚዘልቅ ንባብ ነው፤ ይህን ንባብ ለሕፃናት የማዳረስ ግዴታም በቅድሚያ የሚወድቀው በመንግሥትና በትምህርት ቤት ላይ ነው።

ፈጣን ንባብን በስፋት ለገበያ ያቀረቡት አሜሪካዊቷ መምህርት ኤቭሊን ውድ ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 የጀመሩት ሥልጠና የዋይት ሐውስ ሠራተኞችን ሳይቀር ለመሳብ በቅቶ ነበር። ጣትን በገጹ ላይ እየነዱ ዓይንን ማስከተል፣ ሲያነቡ በውስጥ የሚሰማውን የቃል ድምፅ ማፈን፣ ያለፉትን መስመር ተመልሶ አለማየት የዚህ ትምህርት መሠረቶች ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ የመጡትም አብዛኞቹ ከእነዚህ ብዙም አልራቁም። ኪት ሬይነርና አራት ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ሰፊ የጥናት ግምገማ ግን ከዘመናት ምርምር ተነሥቶ አንድ ግልጽ ድምዳሜ ላይ ደርሷል፤ ፍጥነቱን ከልኩ በላይ የጨመረ አንባቢ የዚያኑ ያህል ከሚረዳው ይቀነስበታል።

ምክንያቱ ስውር አይደለም። ዓይን በመስመር ላይ ሳያቋርጥ የሚሄድ ቢመስልም የሚያነበው እያረፈ ነው፤ እያንዳንዱ ዕረፍት የሰከንድ ሩብ ያህል ይፈጃል፤ ፊደል ጥርት ብሎ የሚታየውም በእይታ ማዕከል ባለች ጠባብ ስፍራ ብቻ ስለሆነ፣ አንቀጽን በሙሉ በአንድ እይታ መቀበል ለሰው ዓይን አልተሰጠም። ከዚህም በላይ አንባቢን የሚያዘገየው ዋናው ነገር የዓይን እንቅስቃሴ ሳይሆን ቃሉን ለይቶ፣ ከቀደመው ጋር አያይዞ፣ የዓረፍተ ነገሩን ሐሳብ የመገንባቱ ሥራ ነው። ተመልሶ ማየትም ስንፍና ሳይሆን ያልገባውን ለማጥራት የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ይህን ዕድል የተነፈጉ አንባቢዎች ከሚረዱት እንደሚጎድልባቸው በሙከራ ታይቷል። እርግጥ ነው፣ ጉዳዩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው የሚፈልገውን ነጥብ ለመለየት አንድን ሰነድ ገረፍ አድርጎ ቢያልፍ ተገቢና ጠቃሚ ነው። ይህ ግን መርጦ መዝለል እንጂ ሁሉንም አንብቦ መጨረስ አይደለምና፣ አንዱን በሌላው ስም መሸጥ ገዢውን ማታለል ነው።

ከውጭ የመጣውን መለኪያ እንዳለ በእኛ ቋንቋዎች ላይ መጫንም ሌላ ስህተት ነው። ማርክ ብሪስበርት እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ስሌት አንድ ጎልማሳ አንባቢ በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያልሆነ ጽሑፍን በደቂቃ በአማካይ 238 ቃላት ያህል ያነባል፤ ይህ ቁጥር ግን ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አሉታውንና መስተዋድዱን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ለሚይዘው አማርኛ ሚዛን ሊሆን አይችልም። ፊደላችንም የራሱን ትጋት ይጠይቃል። ማጥበቅንና ማላላትን ስለማያመለክት፣ «ይበላል» የሚለው ቃል አድራጊን ይናገር ተደራጊን አንባቢው የሚለየው ከዓረፍተ ነገሩ ሐሳብ ነው። በአማርኛ አቃንቶ ማንበብ ራሱ መረዳትን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሳይረዱ መፍጠን ይቻላል የሚለው ትምህርት በዚህ ፊደል ላይ ጨርሶ መቆሚያ የለውም።

መረዳት ደግሞ ከዕውቀት ይወለዳል። ዶና ሬክትና ሎረን ሌስሊ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት አሜሪካውያን ተማሪዎች ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ታሪክ እንዲያነቡ ተደርጎ ነበር፤ በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ጨዋታውን ግን የሚያውቁት ተማሪዎች፣ በንባብ ጎበዝ ከተባሉትና ጨዋታውን ከማያውቁት በተሻለ ታሪኩን ተረድተው አስታወሱት። ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ለእኛ ትልቅ ነው። ስለ አገሩ ታሪክ፣ ስለ አፈሩና ስለ ወንዙ፣ ስለ ሰውነቱና ስለ ሰማዩ አስቀድሞ ያነበበ ልጅ አዲሱን ገጽ በፍጥነት የሚያነበው አብዛኛውን ነገር ይዞ ስለሚመጣ ነው፤ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ አንዳች ያላነበበ ልጅ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አዲስ አገር ይሆንበታል፤ ይህን ክፍተት የትኛውም የዓይን ልምምድ አይሞላውም።

የማስታወስ ነገርም ከዚህ አይለይም፤ በዚህ ረገድ ግን የቀደሙት መምህራናችን የያዙት መንገድ ዛሬ በቤተ ሙከራ ከተረጋገጠው ጋር መግጠሙን ልብ ማለት ይገባል። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሙከራ አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት የጥናት ጊዜያት ደጋግሞ ሲያነብ፣ ሌላው በአንዱ ጊዜ ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስቱ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን እንዲጽፍ ተደረገ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲያስታውሱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታወሱ። ብዙ ተማሪ በፈተና ዋዜማ ገጹን ሲደጋግም የሚሰማው እርካታ ለምን እንደሚያሳስተው ከዚህ በላይ የሚያስረዳ የለም።

በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳና ፊደለ ሐዋርያ ተሻግሮ፣ በግእዝ ንባብ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ አልፎ ዳዊት እስኪደግም ድረስ የተቀበለውን ቀለም ሲቀጽል ያመሻል፤ የትናንቱን ሳይመልስም አዲስ አይቀበልም። በቁርኣን ትምህርት ቤቶችም ልጁ በእንጨት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን በቃሉ ለመምህሩ ሳያሰማ ወደሚቀጥለው አይሻገርም። በእነዚህ ቤቶች ንባብ ከትርጉም የሚቀድምበት ጊዜ ረጅም እንደሆነ እናውቃለን፤ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ይህን መውረስ የለበትም። የተማሩትን መጽሐፉን ከድኖ መልሶ መናገር፣ በማግሥቱና በሳምንቱም እንደገና መጠየቅ ግን ልንተወው የማይገባ ሀብት ነበር፤ ዛሬ በብዙ ክፍሎች ከሰሌዳ ወደ ደብተር መገልበጥ ቦታውን ወስዶታል።

ከዚህ በኋላ የጉዳዩን ክብደት የሚያሳዩትን ጥቂት ቁጥሮች ማስታወስ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በበርካታ ክልሎች በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ ግማሽ የሚጠጉት ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ ዕድሜያቸው አሥር ዓመት ከሆነ ሕፃናት 90 በመቶ የሚሆኑት ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። ለፈተናው ውጤት ጦርነትን፣ መፈናቀልንና የመምህር እጥረትን ጨምሮ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ሆኖም በሁለተኛ ክፍል ማንበብ ያልቻለ ልጅ በ12ኛ ክፍል የሚሰጠውን ረጅም ምንባብ በተወሰነለት ሰዓት አንብቦ ይጨርሳል ብሎ መጠበቅ አይቻልም።

ይህ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ንባቡ ሳይጠና፣ ቢዘገይ በዘጠነኛ ክፍል ትምህርቱ ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። ያኔ የማያውቀውን ነገር ባልጨበጠው ቋንቋ፣ በቀርፋፋ ንባብ እንዲማር ይገደዳል፤ አንዱ ችግር በሌላው ላይ ይደረብበታል። ቃሉን ለይቶ ለማንበብ ኃይሉን ሁሉ የጨረሰ አእምሮ ለትርጉሙ የሚተርፍ አቅም የለውም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ የቀና ንባብ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው፣ በዚያ የተገኘው ችሎታ ለሁለተኛው ቋንቋ መሠረት ስለሚሆን ነው። በለጋሽ ድጋፍ በሰባት ቋንቋዎች የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ መጻሕፍትን ያዘጋጀውን ፕሮጀክት የመሰለ ሥራ ለጋሽ በመጣና በሄደ ቁጥር የሚበራና የሚጠፋ መሆን አልነበረበትም፤ የአገር ቋሚ ሥራ ሊሆን ይገባዋል።

አገሪቱ በዚህ ረገድ አቅም የላትም የሚባለውን አንቀበልም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከዛሬው ባነሰ ሀብት፣ በ15 ቋንቋዎች፣ ገበሬውንና የከተማውን ሰው ፊደል አስቆጥሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ዘመቻው በየትኛው ሥርዓትና በምን ዓይነት ግዴታ እንደተካሄደ አንዘነጋም፤ ፊደል ከቆጠሩት ብዙዎቹም የሚያነቡት በማጣታቸው የተማሩትን ረስተዋል። ይህ ግን ዛሬ ኃላፊነት ላይ ላሉት ሁለት ነገር ያስተምራል፤ ሕዝብን ማስነበብ እንደሚቻል፣ ያስነበቡትንም በመጽሐፍ ካልተከተሉት ድካሙ ከንቱ እንደሚሆን። በ1936 ዓ.ም. ከተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር ጀምሮ በ2014 ዓ.ም. አራት ኪሎ እስከተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ድረስ በመዲናዋ የተሠራው ያስመሰግናል፤ በወረዳና በቀበሌ፣ በገጠር ትምህርት ቤት ያለው ሕፃን ግን ወደ አራት ኪሎ መጥቶ ሊያነብ አይችልም።

ስለ ሥልጠና ነጋዴዎችም የምንለው አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1998 የፈጣን ንባብና የማስታወስ ትምህርቶችን በቴሌቪዥን ያስተዋውቁ በነበሩ ሻጮች ላይ፣ የገቡት ቃል በማስረጃ አልተደገፈም በማለት እርምጃ ወስዷል። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕጉ በመድኃኒትና በምግብ ላይ ብቻ ሊታሰብ አይገባም፤ የልጆችን ትምህርት አስመልክቶ ቁጥር ጠርቶ ቃል የሚገባ ሁሉ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣ ሊጠየቅ ይገባል። የአጠናን ዘዴን በቅንነት የሚያስተምሩ፣ እንዴት ጥያቄ ይዞ ማንበብ፣ እንዴት ራስን መፈተን፣ እንዴት ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ መደጋገም እንደሚቻል የሚያሳዩ አሠልጣኞች መኖራቸውን እናምናለን፤ እነዚህ ሊበረታቱ ይገባል። ተአምር ቃል የሚገቡት ግን የድሃ ወላጅን ገንዘብና የተማሪን ውድ ጊዜ ያባክናሉ፤ ተስፋው ሳይሞላ ሲቀርም ልጁ ጥፋቱን በራሱ ላይ እንዲያይ ያደርጉታል፤ ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የከፋ ጉዳት ነው።

የመጽሐፍ እጥረት ያለበት፣ መምህሩ ንባብን የማስተማር ሙያ በቂ ሥልጠና ያላገኘበት፣ ቤተ መጻሕፍቱ ተቆልፎ የሚውልበት ትምህርት ቤት ልጆቹን ዘገምተኛ አንባቢዎች ብሎ ሊወቅስ መብት የለውም። ወላጆች ለአጭር ሥልጠና ሊያወጡት ያሰቡትን ገንዘብ ለመጻሕፍት እንዲያውሉት፣ ልጃቸውም በየቀኑ ያነበበውን መጽሐፉን ከድኖ እንዲነግራቸው እንዲጠይቁት እንመክራለን። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ንባብን ማስተማርን ራሱን የቻለ ሙያ አድርገው ሊይዙት ይገባል። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎችም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሁሉ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ገጽ አንብቦ የተረዳውን መናገር መቻሉን በየዓመቱ እንዲመዝኑ፣ ውጤቱንም በየወረዳው ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ እንጠይቃለን።