ሾርባ የሚያድለው ማኅበር

ጠረጴዛ ከብበው ዳይስ እየወረወሩ፣ አንዱ ጠንቋይ ሌላዋ የኮምፒውተር ሰርጎ ገብ ሆነው የሚያወሩ ወጣቶች ቤትዎ ካሉ፣ ‹‹ሻዶውረን›› የሚለው ስም ጆሮዎ ገብቶ ይሆናል። ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተመው መቀመጫውን ቺካጎ ያደረገው ፋሳ የተባለ ድርጅት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ2050 ሲሆን፣ አስማት ወደ ምድር ተመልሷል፤ ግዙፍ ኩባንያዎች ከመንግሥት በላይ ሆነዋል፤ አንዱን ኩባንያ የሚመራውም ዘንዶ ነው። (እንደዚያ ያለ አለቃ የገጠመዎት ካሉ አይገረሙም።)

ወላጅ ሽፋኑን አይቶ የሚደነግጠው በጠመንጃውና በጭራቁ ነው። እኔ እንዲያዩልኝ የምፈልገው ግን በ1990 በወጣ መጽሐፍ የቀረበውን ‹‹ዩኒቨርሳል ብራዘርሁድ›› ነው። ‹‹የሁሉ ወንድማማችነት›› ብንለው ያስኬዳል።

ይህ ማኅበር በድሆች ሰፈር ቤት ይከፍታል። ለራበው ምግብ፣ ማደሪያ ላጣ አልጋ፣ ሆድ ለባሰው ምክር ይሰጣል። መንግሥት የረሳውን፣ ኩባንያ የማይፈልገውን ሰው ‹‹ግባ›› ይለዋል። ከዚያ ትምህርት ይጀመራል፤ አዲሱ አባል ደረጃ በደረጃ ወደ ውስጠኛው ክበብ ይጠጋል። እዚያ የሚጠብቁት ከሌላ ዓለም የጉንዳን፣ የተርብና የበረሮ መናፍስትን የሚጠሩ አስማተኞች ናቸው። መናፍስቱ ደግሞ ማደሪያ ገላ ይፈልጋሉ። አንዳንዱ ሰው መልኩ ተለውጦ ጭራቅ ይሆናል። የከፋው መልኩ ሳይለወጥ የሚቀረው ነው፤ ወንድም በዚያው ፊት፣ በዚያው ድምፅ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ወንድም ግን አይደለም።

በ1994 በታተመው ‹‹በግ ሲቲ›› ምስጢሩ ይፈነዳና ቺካጎ፣ የአሳታሚው የራሱ ከተማ፣ መውጫ መግቢያዋ ይዘጋል።

‹‹መናፍስት›› የሚለው ቃል ለብዙ ቤት እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ውሳኔው የእርስዎ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅም አልመክረውም። ከፍ ላለው ግን የዚህ ታሪክ ጥንካሬ በረሮው ላይ አይደለም። ተጫዋቹ ማኅበሩን ሊያጋልጥ ሲነሳ፣ ሾርባውን የሚጠጡት ሰዎች ረሃባቸው የእውነት ነው። ቤቱን ቢያዘጋው ማታ የት ይደሩ? ማኅበሩ ክፉ መሆኑ ተረጋግጦም ጥያቄው ከጠረጴዛው አይነሳም። ከጨዋታው ውጭም ወጣቶችን ከቤተሰብ የሚነጥሉ ቡድኖች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት በማስፈራራት ሳይሆን በማቅረብ ነው፤ ‹‹እኛ እንረዳሃለን›› በማለት።

እንግዲህ ልጅዎ ከጨዋታው ሲነሳ ‹‹ማን አሸነፈ?›› ብለው አይጠይቁት። ‹‹ማኅበሩ መጀመሪያ የቀረበው ማንን ነው? ለምን እሱን?›› ይበሉት። መልሱ ሊረዝም ስለሚችል ቡናው እስኪፈላ ድረስ ጊዜ ይስጡት። ካላፈሩም አንድ ዙር አብረው ይጫወቱ፤ ዳይሱ ያው በየቤቱ ያለው ባለ ስድስት ገጽ ነው።