«ፖዘቲቭ» ሁሉ ታማሚ ነው እንዴ?

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ አባቶች። መታመሙን ራሱ ያላወቀውንስ ሰው ምን እንበለው? ይህን ጥያቄ ያጫረብኝ ስለ ክራይሚያ ኮንጎ ትኩሳት ያነበብኩት ነው።

ይህ በሽታ በቫይረስ የሚመጣ ሲሆን በተለይ ሃያሎማ በተባሉ መዥገሮች ንክሻ፣ ወይም የተያዘ እንስሳንና የታመመ ሰውን ደም በመንካት ይተላለፋል። ከብቱ ቫይረሱን ለአንድ ሳምንት ያህል በደሙ ይዞ ምንም ሳይመስል ሣሩን ይግጣል። ሰውን ሲይዝ ግን፣ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በወረርሽኝ ጊዜ ከታማሚዎቹ ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። ያስደነግጣል አይደል?

እስቲ ወደ ቱርክ እንሂድ። በሽታው እዚያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 በቶካትና በአካባቢው ነው። በ2008 ብቻ ከ1,300 በላይ ታማሚዎች ተመዝግበዋል። ከታማሚዎቹ የሚሞቱት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ታዲያ ተመራማሪዎች ሆስፒታል ቁጭ ብለው ታማሚ ከመጠበቅ ይልቅ በሽታው በበዛበት አካባቢ የገጠሩን ሰው ደም መረመሩ። በ2012 የታተመው ውጤት እንዳሳየው ከ100 ሰው 10ሩ ፀረ እንግዳ አካሉ ተገኝቶበታል። ከተያዙትም 88 በመቶ የሚሆኑት በሽታው ሳይታወቅባቸው ነው ያለፈው።

ሒሳቡን እኔው ልሥራው። 1,000 ሰው ቢያዝ 880ው ምንም ሳያውቅ ያልፋል፣ 120ው ይታመማል፤ ከነዚህ 5 በመቶው ቢሞት 6 ሰው ነው። የሆስፒታል መዝገብ ብቻ ያየ ሰው ግን የሚያውቀው 120ውን ነው።

«እንዲህ ከሆነማ በሽታው ቀላል ነው፣ ምን አስጨነቀን?» ያለኝ ጓደኛ አለ። አልስማማም። 6ቱ ሰዎች የእናት ልጆች ናቸው። ታማሚውን «ወባ ነው» ብላ ያለ ጓንት የምትነካዋ ነርስም አለች። በሰፊው የተፈቀደ ክትባት ደግሞ የለም። የደም ጥናት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ቫይረሱ የት መንደር እንደሚመላለስና እነማንን እንደሚነካ ይነግረናል። ያን ያወቀ ጤና ጣቢያ ትኩሳትና መድማት ያለበት ሰው ሲመጣለት ቶሎ ይጠረጥራል፣ ራሱንም ይጠብቃል።

ሁለተኛው ነገር ቃሉ ነው። በኛ አገር «ፖዘቲቭ ነህ» የተባለ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ኤች አይ ቪን ነው። አይጂጂ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ግን ቫይረሱ አንድ ጊዜ መጥቶ መሄዱን የሚናገር፣ ለዓመታት የሚቆይ አሻራ ነው። ስለዚህ ደም የሚቀዳ ሁሉ ውጤቱን በሰውየው ቋንቋ ማስረዳት አለበት እላለሁ። «አንድ ጊዜ አግኝቶህ ነበር፣ አልፏል፤ አሁን አልታመምክም» ማለት ምን ይከብዳል? አለበለዚያ ያስደነገጥነው ገበሬ ሁለተኛ ክንዱን አይሰጠንም።

እኔ ያደግኩት ከብት ባለበት ቤት ነው። ከላሚቱ ጡት ሥር መዥገር እየነቀልን በድንጋይ፣ አንዳንዴም በጥፍራችን እንጨፈልቅ ነበር። ደሙ ጣታችን ላይ ሲፈነጥቅ እንሥቃለን። ሃያሎማ መዥገር በአገራችንም፣ በተለይ በቆላማው የከብት አርቢ አካባቢ አለ። እናቴ ዛሬም በባዶ እጇ ነው የምትነቅለው። ባለፈው ክረምት ጓንት ይዤላት ብሄድ «አንተ ልጅ፣ በመዥገር የሞተ አይተሃል?» አለችኝ። አላየሁም። ግን አለማየትና አለመኖር አንድ እንዳልሆኑ የቱርክ ገጠሬዎች ደም አስተምሮኛል።

ስለዚህ የክፍላችን ተማሪዎች ለመስክ ልምምድ ስንወጣ ታማሚውን ብቻ ሳይሆን ጤነኛውንም እንጠይቅ። መዥገር በምን ይነቅላል? ሲያርድ እጁን በምን ይሸፍናል? መምህራኖቻችንም ይህን ጥያቄ በመጠይቃችን ውስጥ ቢያስገቡልን ደስ ይለኛል። ጓንቱን እናቴ ቤት ትቼው መጥቻለሁ፤ ማድረጓን ግን ደውዬ እጠይቃታለሁ።

ቸር ይግጠመን!