ከብራዚል የመጣ ሁሉ ጨፋሪ አይደለም

ለትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ወደ ውጭ አገር ሲጓዙ፥ በአይሮፕላን ውስጥ አጠገብዎ የተቀመጠው ሰው «ብራዚላዊ ነኝ» ቢልዎ አስቀድመው ምን ይጠይቁታል? መቼም ስለ እግር ኳስ ነው። ብራዚል የዓለምን ዋንጫ በ1958፥ በ1962፥ በ1970፥ በ1994 እና በ2002 አምስት ጊዜ ወስዳለችና አይፈረድብዎትም። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ከዚያ ወዲያ ስለ ካርኒቫልና ሳምባ ስለሚባለው ጭፈራ ያነሣሉ። ሰውዬው ግን ኳስ ነክቶ የማያውቅ የጥርስ ሐኪም፥ ጭፈራ ሲያይም የሚሸሽ ዐይነ አፋር ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፈገግ ብሎ ይመልስልዎታል፤ ጥያቄውን በየሄደበት ለምዶታልና።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በሰው አገር ግን ለሕዝብ ስም የሚያወጣለት ወሬ ነው። የብራዚል ሕዝብ በ2022 በተቈጠረ ጊዜ ከ203 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ በደቡብ ደጋ ተቀምጦ አንዳንድ ክረምት በረዶ ሲወርድ የሚያይ አለ፤ ከ1908 ጀምሮ ቤተሰቦቹ ከጃፓን በመርከብ ተሳፍረው የመጡም አለ። ቋንቋቸው የፖርቱጋል ሆኖ ሳለ ብዙ ሰው በእስፓኝ ቋንቋ ያናግራቸዋል። ዋና ከተማቸው ከ1960 ወዲህ ብራዚሊያ ስትሆን፥ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ናት ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ስሕተቱም የተራ መንገደኛ ብቻ አይደለም። በ1982 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገን እዚያው ብራዚሊያ ለእራት ተጋብዘው ሳሉ፥ ጽዋቸውን ያነሡት «ለቦሊቪያ ሕዝብ» ብለው ነበር።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ነውና፥ የዚህን የጨፋሪነት ሥዕል ምንጭ እንመልከት። ካርመን ሚራንዳ የምትባለው ዘፋኝ በ1939 ወደ አሜሪካ ሄዳ፥ በኋላም ፍራፍሬ የተከመረበት ባርኔጣ ደፍታ በሆሊውድ ፊልሞች ስትታይ፥ ብዙ ሰው ብራዚልን በእርሷ መልክ ዐወቀ። እርሷ ራሷ የተወለደችው በፖርቱጋል ነበር። በ1940 ወደ ሪዮ ተመልሳ ስትዘፍን ደግሞ «አሜሪካዊት ሆናለች» ብለው ፊት የነሷት የአገሯ ሰዎች ናቸው። በ1966 የተቋቋመው የብራዚል የቱሪዝም መሥሪያ ቤትም አገር ጐብኚ ለመሳብ ሲል፥ በባሕር ዳር ግማሽ ራቁታቸውን የሆኑ ቆነጃጅትን ሥዕል ለብዙ ዓመት ወደ ውጭ አገር ሲልክ ኖሯል። ስለዚህ ሥዕሉን የሣለው ባዕድ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱም ሸጦታል።

«ታዲያ ደስተኛና ጨዋታ ዐዋቂ መባል ምን ይጐዳል?» ይሉኝ ይሆናል። ይጐዳል እንጂ! «ብራዚላዊት ቆንጆ ናት፥ ጨዋታም ትወዳለች» የሚለው ሙገሳ ጥቂት ሲገለበጥ ስም ማጥፋት ይሆናል። በ2003 ብራጋንሳ በምትባል የፖርቱጋል ከተማ አንዳንድ ባለትዳር ሴቶች፥ «ባሎቻችንን ወሰዱብን» ሲሉ በምሽት ቤት የሚሠሩትን ብራዚላውያት ተቃውመው ተነሡ፤ ወሬውም በውጭ አገር መጽሔት ሳይቀር ወጣ። ከዚያ በኋላ ለትምህርት የመጣች ብራዚላዊት ቤት ልትከራይ ስትሄድ፥ አከራዩ በምን ዐይን ሊያያት እንደሚችል ያስቡት። በ2008 ደግሞ ብዙ ብራዚላውያን ከማድሪድ አይሮፕላን ጣቢያ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ ከእነርሱም መካከል በሊዝበን ወደሚደረግ የምሁራን ጉባኤ የሚሄዱ ተማሪዎች ነበሩ። ነገሩ እየከረረ ሄዶ፥ የብራዚል መንግሥት በ2012 ከእስፓኝ የሚመጣውንም መንገደኛ ያንኑ ጥብቅ ማስረጃ መጠየቅ ጀመረ። እንግዲህ በእራት ገበታ ሰውዬውን ሳያዩ የሚያመሰግኑ ሰዎች፥ በፓስፖርት መስኮትም ሰውዬውን ሳያዩ ይጠረጥሩታል ማለት ነው።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ 1984ቱ ረኀብ ወይም ስለ ሩጫ ነው። ሮጦ አውቶቡስ ለመያዝ የሚቸግረውም ቢሆን ከዚህ ጥያቄ አያመልጥም። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥምዎ መቈጣት ሥራን አያቃናም፤ ዝም ማለትም ሥዕሉን ያጸናዋል። የሚሻለው በትሕትና አንድ እውነተኛ ነገር መጨመር ነው። ዐዋቂው ብራዚላዊ «ልክ ነው፥ ኳስ እንወዳለን፤ ነገር ግን አገሬ ከ1969 ጀምሮ ኤምብራየር የሚባል የአይሮፕላን ፋብሪካ አላት፤ ብዙ አገር በሠራናቸው አይሮፕላኖች ይበርራል» ቢል፥ ጠያቂው ሳያፍር ተምሮ ይሄዳል።

እርስዎም በተራዎ ብራዚላዊ ቢያገኙ፥ ኳሱን ለኋላ ያቈዩትና «ከየትኛው ከተማ መጡ? ሥራዎስ ምንድን ነው?» ብለው ይጀምሩ። ወሬ ቢያጥርዎ ቡና አለ፤ በዓለም አንደኛዋ ቡና አምራች ብራዚል ናት፥ የዓረቢካ ቡና ዘር መነሻው ደግሞ የእኛው ደን ነው። በዚህ ላይ ሁለታችሁም የምትሉት አታጡም።