የካዛንቺስ በረንዳ ምን ይተከልበት?

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ የአዲስ አበባ ኮሪደር ልማት ሁለተኛ ምዕራፍ ካዛንቺስ ሲደርስ፣ ከነባር ግቢዎች የተነሱ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የጋራ መኖሪያ መንደሮች ገብተዋል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የቀሩትም ቢሆኑ የሚኖሩት ሕንፃ ላይ ወይም በአጥር ተከልሎ በጠበበ ግቢ ውስጥ ነው። በሁለቱም ዘንድ የተለወጠ አንድ ነገር አለ። ለቡናው ጤና አዳም፣ ለሽሮው በሶብላ፣ ለጾሙ ጎመን ይቀነጠብበት የነበረው ጓሮ በሁለት ሜትር በሦስት ሜትር በረንዳ ተተክቷል።

የሰፈሩ ስም ራሱ የቤት ታሪክ ነው። ካዛንቺስ የሚለው መጠሪያ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች የመጣ ሲሆን፣ ያኔ ቤት ሲባል ከነግቢው ነበር።

የሌማት ትሩፋት ንቅናቄ በኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ይፋ ከሆነ ወዲህ የከተማ ግብርና የእያንዳንዱ ወረዳ ሥራ ሆኗል። በአዲስ አበባም ዘርፉን የሚመራ የአርሶ አደርና የከተማ ግብርና ልማት ኮሚሽን አለ። ቦታ የለኝም የሚል ቤተሰብ በጀሪካን፣ በባልዲ፣ በአሮጌ ጎማና በጆንያ እንዲተክል ይመከራል። ምክሩ ትክክል ነው። ጥያቄው የሚነሳው ለበረንዳው በሚመረጠው ችግኝ ላይ ነው። ለቤተሰብ የሚታደለው አብዛኛውን ጊዜ ሰላጣ፣ ቆስጣና ጥቅል ጎመን ነው። እነዚህ በመስክ የሚወደዱ አትክልቶች በብሎኬት ግድግዳ መካከል ሲገቡ ጠባያቸው ይለወጣል።

ይህን ለመረዳት መጀመሪያ የፀሐይዋን መንገድ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ ቀትር ላይ ልክ አናት ላይ የምትሆነው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው በጋ ወደ ደቡብ ጋደል ብላ ታልፋለች። በግንቦት፣ በሰኔና በሐምሌ ደግሞ ወደ ሰሜን ትዞራለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የተከፈተ በረንዳ ደመና በሌለበት ወራት ሙሉ ቀን ይመታል፣ ብርሃኑም እስከ ኋላው ግድግዳ ድረስ ይዘልቃል። ወደ ሰሜን የተከፈተው በእነዚያው ወራት ጥላ ውስጥ ይውላል። ፀሐይ የሚያገኘው ሰማዩ በሚደመንበት ክረምት ነው። ወደ ምሥራቅ የሚያየው የማለዳዋን ለስላሳ ፀሐይ ሲያገኝ፣ ወደ ምዕራብ የሚያየው ከሰዓት በኋላ ያለውን ያገኛል። ከሁሉም የሚከብደው ይኸኛው ነው፤ ግድግዳውና ወለሉ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ሲሰበስቡ ውለው በዚያው ሰዓት ተጨማሪ ይቀበላሉ።

ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ ላይ ፀሐዩ የሚያቃጥለው፣ አየሩ ግን ቶሎ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ሜዳ ላይ ውርጭ ሊወድቅ ይችላል። በግድግዳ የተከበበ በረንዳ ግን ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል። ይህ ለአንዱ ተክል ጸጋ፣ ለሌላው መከራ ነው። ብርድ የሚያጠወልጋቸው ቃሪያና በሶብላ ከግድግዳው ተጠግተው ሲቀመጡ ይደላቸዋል። ሰላጣ በአንጻሩ ሙቀት ሲበዛበት ቅጠል ማብዛቱን ትቶ አገዳ ያወጣል፣ ያብባል፣ ይመራል። ባለቤቱ «ችግኙ መጥፎ ነበር» ይላል፤ ችግኙ ግን ሌላ ቦታ ቢቀመጥ ጥሩ ነበር።

ሌላው ጉዳይ ውሃ ነው። ሥሩ መሬት ውስጥ የገባ ተክል ከታች እርጥበት ይፈልጋል። በ20 ሊትር ጀሪካን የተተከለ ግን ያለው ያ ጀሪካን ብቻ ነው። በበጋ ሙሉ ፀሐይ ላይ ያለ አንድ የቲማቲም እግር በቀን ከ1 እስከ 2 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። አሥር እንዲህ ያለ ዕቃ የደረደረ ቤት በየቀኑ አንድ ጀሪካን ውሃ ሊያጠፋ ነው ማለት ነው። በፈረቃ ውሃ በሚጠበቅበት ከተማ ይህ ቀላል ሂሳብ አይደለም። የአትክልትና የእህል ማጠቢያ ውሃ ሳሙና እስካልገባበት ድረስ ይረዳል፣ ይበቃል ማለት ግን አይቻልም።

ከዚህ ሁሉ ተነስቶ ሲታይ ለፀሐያማና ለጠባብ በረንዳ የሚስማሙት ብዙዎቹ ጥንት በጓሮ የነበሩት ናቸው። የጥብስ ቅጠል፣ ጤና አዳም፣ ጦስኝና እሬት ፀሐይ ይወዳሉ። ሥር ከያዙ በኋላ ለሁለትና ለሦስት ቀን ውሃ ቢዘለል አይሞቱም፤ የሚገድላቸው ይልቁን ውሃ የሚቋጥር አፈር ነው። በሶብላና ጠጅ ሳር ፀሐዩን ይወዱታል፣ ግን አዘውትረው መጠጣት ይፈልጋሉ። ናና እና ሰላጣ ከትልልቆቹ ዕቃዎች ጥላ ሥር ወይም በምሥራቅ ጥግ ይቀመጡ። ቆስጣና የሀበሻ ጎመን ቅጠላቸው እየተቀነጠሰ ለወራት ስለሚሰጡ ቦታቸውን ያካክሳሉ። ጥቅል ጎመን ግን ሦስት ወር ያህል ቦታ ይዞ ቆይቶ የአንድ ቀን ወጥ ነው። በረንዳ ላይ ለጥቅል ጎመን ቦታ መስጠት ብክነት ነው።

የመዓዛ ተክሎቹ ትርፍ ከወጥ ቤቱ ጠባይ ጋር ይያያዛል። ለቡና አንድ ዘለላ ጤና አዳም፣ ለሻይ ቁንጥር ጦስኝ፣ ለጥብስ አንድ ቅርንጫፍ ነው የሚፈለገው። ጥቂት፣ ግን በየሳምንቱ። አንድ ዕቃ ተክል ይህን ፍላጎት ዓመቱን ሙሉ ሊሸፍን ይችላል። ጤና አዳምን በተመለከተ ሕፃናት ላሉበት ቤት አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ጭማቂው ነክቶት ፀሐይ ያረፈበት ቆዳ ሊቆስል ስለሚችል፣ ከቀነጠቡ በኋላ እጅ መታጠብ ይገባል።

አፈሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአካባቢው የተዛቀ ዋልካ አፈር በዕቃ ውስጥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ውሃ ያቁራል። ብስባሽና አሸዋ ሊቀላቀሉበት፣ ዕቃው ከታች ሊበሳ ይገባል። ጥቁር ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ሥሩን ስለሚያግል ነጣ ያለ ዕቃ ወይም ሸክላ ይሻላል። ኬሚካል የነበረበት ጀሪካን ምንም ቢታጠብ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ክብደቱም ይታሰብ። በረጠበ አፈር የተሞላ የ20 ሊትር ጀሪካን 30 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አሥሩ 300 ኪሎ ነው፣ አራትና አምስት ጎልማሶች ዘወትር በረንዳው ላይ እንደቆሙ ማለት ነው። በናይሮቢ ኪቤራ ነዋሪዎች በጆንያ አፈር ሞልተው ጎኑን እየበሱ ጎመን የሚያበቅሉበት ዘዴ በአገራችንም ሥልጠናዎች ይጠቀሳል። ነገር ግን የኪቤራው ጆንያ የሚቆመው መሬት ላይ ነው። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ከመውጣቱ በፊት ቢታሰብበት ይበጃል።

ለወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የሚቀረው የአሠራር ጉዳይ ነው። ሪፖርቱ የሚጠይቀው ስንት ችግኝ ተሰራጨ ብቻ ከሆነ፣ ሰላጣም ጦስኝም እኩል አንድ ይቆጠራሉ። በሦስተኛው ወር ስንቱ በሕይወት አለ ተብሎ ቢጠየቅ ግን ልዩነቱ ይወጣል። ችግኝ ከመሰጠቱ በፊት በረንዳው ወደየት ነው የተከፈተው፣ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል የሚሉ ሁለት ጥያቄዎችን መመዝገብ በጀት አይጠይቅም። መልሱ እንደየከተማው ይለያያል። ደብረ ብርሃን ላይ ውርጩ ስለሚበረታ የግድግዳው ሙቀት ይፈለጋል። ባሕር ዳር ላይ ያው ግድግዳ ጥላ የሚያስፈልገው ይሆናል።

የከተማው በረንዳ ለገጠሩ አርሶ አደርም ገበያ ነው። ጦስኝ በጣርማ በርና በመንዝ ደጋ በራሱ የሚበቅል ተክል ሲሆን፣ ለገበያ የሚቀርበው በአብዛኛው ከሜዳ ተለቅሞ፣ አንዳንዴም ከነሥሩ ተነቅሎ ነው። በዚህ አያያዝ ሜዳው መራቆቱ አይቀርም። ሥር ያወጣ ቅርንጫፍ ከፍሎ በማሳ ዳርቻ ማባዛትና በችግኝነት መሸጥ ግን እናቱን ተክል አይነካም። የጥብስ ቅጠልም ሆነ ጠጅ ሳር ዘር መግዛት አይጠይቁም። የመጀመሪያው በቁራጭ፣ ሁለተኛው ሥሩን በመክፈል ይባዛል። የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል በእነዚህና በሌሎች የመዓዛ ዕፅዋት ላይ ለዓመታት ስለሠራ፣ የተሻለ መነሻ ተክል ለሚፈልጉ የወረዳ ችግኝ ጣቢያዎች አንዱ በር እርሱ ነው።

ጊዜው ግን ይጠበቅ። የበረንዳ ተካዩ እጁን የሚሰነዝረው ዝናቡ ሊያበቃ ሲል ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ የጥብስ ቅጠል ቁራጭ የታችኛው ቅጠሉ ተራግፎ በሰኔ መጀመሪያ አሸዋማ አፈር ላይ ከተሰካና ከበረዶ ከተከለለ፣ በክረምቱ እርጥበት ሥር ሰድዶ ለእንቁጣጣሽ ገበያ ይደርሳል።