የጎብዬ ማሽላ ለምን ሳሳ?

ጎብዬ ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በማሽላ ምርምር ዓለም ስሟ ከከተማዋ ርቆ ይታወቃል። አቀንጭራ የተባለችውን ጥገኛ አረም እንዲቋቋሙ ተዳቅለው በኢትዮጵያ ከተለቀቁት የመጀመሪያዎቹ የማሽላ ዝርያዎች አንዱ «ጎብዬ» ይባላልና። ዝርያው ለአርሶ አደሩ የቀረበው በ1990ዎቹ (ዓ.ም.) መጀመሪያ ነው። ዛሬም አቀንጭራ ከራያ ማሳ አልወጣም፤ ነባሮቹ የማሽላ ዓይነቶችም እየሳሱ ሄደዋል። መፍትሔው የአካባቢውን ስም ይዞ ሳለ ችግሩ ለምን ከአካባቢው አልለቀቀም? የዚህ ሐተታ መልስ አጭር ነው። የማሽላው መሳሳት በመጀመሪያ ደረጃ የአፈሩ መድከም ነው፤ አፈሩን፣ አገዳውንና ከብቱን ሳይዝ ዘር ብቻ ይዞ የሚመጣ ምርምር፣ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን፣ ቁልቁለቱን አያቆመውም።

ከመሳሳቱ በፊት የነበረውን ማየት ይገባል። በራያ ቆላ ማሽላ ሙሉ ኑሮ ነው። እህሉ እንጀራ፣ ቂጣ፣ ንፍሮና ጠላ ይሆናል። አገዳው በበጋ የከብቱ ቀለብ፣ የምድጃው ማገዶ፣ የጎጆውና የአጥሩ ማገር ነው። እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉት ነባር ዓይነቶች ከሰው ቁመት በላይ የሚረዝሙ፣ ብዙ ወራት ማሳ ላይ የሚቆዩና በበልጉ ዝናብ በሚያዝያ ተዘርተው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሚታጨዱ ናቸው። አርሶ አደሩ አንድ ዓይነት ብቻ ዘርቶ አያርፍም ነበር። ዘግይቶ የሚደርሰውን፣ ቶሎ የሚደርሰውን፣ ለእሸት የሚሆነውንና ለጎተራ የሚቆየውን አሰባጥሮ ይዘራል። አንዱ ቢከዳ ሌላው ይተካል።

ይህ ብዝኃነት ከአካባቢው አልፎ ለዓለም የተረፈ ሀብት እንደነበር ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሲንግና አክስቴል ከዓለም የተሰበሰቡ በሺህ የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን መርምረው፣ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ የበዛባቸው ሁለት ናሙናዎች ማግኘታቸውን አሳተሙ። ማሽላን እንደ ምግብ ደካማ የሚያደርገው የላይሲን ማነስ ስለሆነ ግኝቱ ትልቅ ነበር። ሁለቱም ናሙናዎች የወሎ ነበሩ። የወሎ ገበሬ እነዚህን ማሽላዎች «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጭቄ» እያለ፣ ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥሮ ሲዘራቸው፣ እሸታቸውንም ጠብሶ ሲበላቸው የኖረ ነው። ግኝቱ የታተመው ወሎ በረሃብ በምትታመስበት ዓመት መሆኑ ልብ ይሰብራል። የተሻለ ምግብ የያዘው ዘር የተገኘው ሕዝቡ በሚያልቅበት ምድር ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ኃይለሚካኤል ሸዋይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1973 እና በ2003 የተሰበሰቡ ማሽላዎችን አነጻጽሯል። በ30 ዓመት ውስጥ ዘግይተው የሚደርሱት ዓይነቶች ወደ ዳር ተገፍተዋል፣ አንዳንዶቹም ጠፍተዋል፤ ቦታቸውን የያዙት ቶሎ የሚደርሱት ናቸው። የተረፉት ዓይነቶች ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን የጠፉት በአብዛኛው ረጃጅሞቹ፣ ብዙ አገዳ የሚሰጡትና ዘመኑ ሲሰምር ብዙ ምርት የሚሰጡት ስለሆኑ፣ ጉዳቱ ከቁጥሩ ይከብዳል።

ለዚህ መሳሳት በቅድሚያ የሚሰነዘረው ማብራሪያ «ምርጥ ዘር ነባሩን ዘር ገፋው» የሚል ነው። ለስንዴ ወይም ለበቆሎ ክርክሩ ሚዛን ሊደፋ ይችላል፤ ለማሽላ ግን አያስኬድም። በኢትዮጵያ የተሻሻሉ የማሽላ ዝርያዎች የሚሸፍኑት መሬት አነስተኛ ነው፤ አብዛኛው ማሳ ዛሬም በገበሬው በራሱ ዘር የሚሸፈን ነው። ስለዚህ ነባሩን የገፋው ከላቦራቶሪ የወጣ ዘር ሊሆን አይችልም። በገበሬው እጅ ካሉት ነባር ዘሮች መካከል አንዱ ወገን ሌላውን ተካ፤ ጥያቄውም ለምን ተካው የሚለው ነው።

ሁለተኛው ማብራሪያ ዝናብ ነው፤ ይህኛው እውነትነት አለው። የረዥም ጊዜ ማሽላ የሚያዝያን ዝናብ ይፈልጋል። በልጉ ሲቀር ወይም ሲዘገይ ገበሬው ሚያዝያንና ግንቦትን ሰማይ እያየ ያሳልፍና፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ለመዝራት ይገደዳል። በ1966፣ በ1977 እና በ2008 ዓ.ም. የታዩት ድርቆች የከፉት ናቸው፤ በመካከል ግን በልጉ የተዛባባቸው፣ ስም ያልወጣላቸው ብዙ ዓመታት አሉ። ዘር ደግሞ በየዓመቱ ካልተዘራ ከቤት ይጠፋል። ጎተራ ውስጥ ያለ የደጋሊት ዘር በተከታታይ ሁለት ሦስት በልግ ሳይዘራ ከቆየ፣ ወይ ይነቅዛል ወይ በችግር ቀን ይበላል።

ሆኖም ዝናቡ ብቻውን ነገሩን አይጨርሰውም። ዝናብ በሰመረበት ዓመትም ማሽላው ሲጫጭ ይታያልና። እዚህ ላይ ነው አቀንጭራ የሚገባው። አቀንጭራ ሐምራዊ አበባ ያላት፣ ለዓይን የምታምር ጥገኛ አረም ናት። ዘሯ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው፤ አንዲት ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። የሚበቅለው እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ብቻ ነው። ከዚያ ሥሩን ወግቶ ውኃና ምግብ ይመጠምጣል። አረሟ ከመሬት በላይ ስትታይ ጉዳቱ አብዛኛውን ደርሷል፤ በእጅ መንቀል ለዚያ ዓመት ምርት የሚያተርፈው ጥቂት ነው።

ማሽላ ጠላቱን የሚጠራ ኬሚካል ለምን ይለቃል? የዕፅዋት ሳይንስ በቅርብ ዓመታት ካስገኛቸው መልሶች ሁሉ ለራያ የሚበጀው ይህ ነው። ስትራይጎላክቶን የሚባሉት እነዚህ ኬሚካሎች ለወዳጅ የሚላኩ ጥሪዎች መሆናቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ታወቀ። ተክሉ ፎስፈረስ ሲያጣ ከሥሩ ጋር ተዛምደው ምግብ የሚያመጡለትን የአፈር ፈንገሶች በዚህ ኬሚካል ይጠራል። አቀንጭራ ደግሞ ያንን ጥሪ መስማት የተማረች ሌባ ናት። አፈሩ በደኸየ መጠን ማሽላው አብዝቶ ይጣራል፤ አብዝቶ በተጣራ መጠን ብዙ አቀንጭራ ይነቃል። የአረሟ ብዛት የአፈሩን ድህነት የሚለካ ሚዛን ነው ማለት ነው።

አፈሩ እንዴት ደኸየ ብለን ስንጠይቅ ወደ ማሽላው አገዳ እንመለሳለን። ደን ባለበት ዘመን ማገዶው እንጨት ነበር፤ ፍግ ወደ ማሳ ይመለስ ነበር፤ መሬትም ጦም እያደረ ያርፍ ነበር። ሕዝብ ሲበዛና ማሳ ሲጠብ ጦም ማሳደር ቀረ። ደኑ ሲመነጠር ኩበቱ ምድጃ ገባ። አጭሩ ማሽላ ረጅሙን ሲተካ አገዳው አነሰ፤ አገዳው ሲያንስ የከብት ቀለብ አነሰ፣ ቀለቡ ሲያንስ ከብቱና ፍጉ አነሱ፣ የተረፈው ጥቂት አገዳም ለማገዶ ተፈለገ። ስለዚህ የረጃጅም ዓይነቶች መጥፋት የአፈሩ መድከም ውጤት ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ ተመልሶ ምክንያትም ሆነ። የራያ ማሽላ የወደቀበት አዙሪት ይህ ነው።

ነፍሳትም በዚህ አዙሪት ውስጥ ቦታ አላቸው። የአገዳ ቆርቁር ትል ክረምቱን ማሽላውን ሲቦረቡር ይቆይና በጋውን በደረቀው አገዳ ውስጥ ያሳልፋል። በቆላው የሚያይለው ነጠብጣባሙ ቆርቁር ከእስያ የመጣ ነው፤ በአፍሪካ በመጀመሪያ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ማላዊ ውስጥ ነበር። አገዳውን አጋድሞ ለአራት ሳምንት ያህል ለፀሐይ ማስጣት አብዛኛውን ትል እንደሚገድል በአገራችን በተደረገ ምርምር ታይቷል። ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው፤ ግን አገዳውን እንደ ንብረት የሚቆጥር ምርምር ካልሆነ በቀር እንዲህ ያለውን ነገር አይፈልገውም። ስለ ነቀዝም ተመራማሪው አወገቸው ተሾመ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ሸዋና በደቡብ ወሎ ያጠኑት እዚህ ይነሳል። ገበሬዎች «ይህ ጎተራ ይከርማል፣ ያኛው ይነቅዛል» ብለው የለዩዋቸው ማሽላዎች በላቦራቶሪ ነቀዝ ተለቆባቸው ሲፈተኑ፣ ውጤቱ ከገበሬዎቹ ፍርድ ጋር ተስማምቷል። አንድ ነባር ዓይነት ሲጠፋ ይህ ዕውቀትም አብሮ ይጠፋል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ራያ ቆቦን የወረረው የበረሃ አንበጣ ግን ሌላ ነው፤ እንዲያ ያለ መዓት ዘር አይመርጥም። የየዓመቱ ጥፋት ከሩቅ የመጣው አንበጣ ሳይሆን ከቤት የማይወጣው ትልና ነቀዝ ነው።

ወደ ጎብዬ ዝርያ እንመለስ። ጎብዬና አብሽር የተገኙት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ገቢሳ ኤጄታ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በመሩት ምርምር ነው፤ እሳቸውም እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። የዝርያዎቹ ጥበብ ከላይ ከተባለው ጋር ይገጥማል፤ ሥራቸው አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ጥሪ በጣም አሳንሶ ይለቃል። ገቢሳና ዳንኤል ጎበና የተሳተፉበት የ2017 (እ.ኤ.አ.) ጥናት ምስጢሩ ያለበትን ዘረመል ለይቶ፣ የሚለቀቀው የኬሚካሉ ዓይነት ጭምር እንደሚለወጥ አሳየ። ይህ የኢትዮጵያውያን አእምሮ ለዓለም ያበረከተው ከፍ ያለ ሥራ ነው።

ነገር ግን ጎብዬ አጭርና ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ነው። አገዳው ትንሽ ነው። ከጎረቤቱ ማሳ ቀድሞ ሲደርስ ግሪሳ ወፍ ይሰበሰብበታል። በድሃ አፈር ላይ አቀንጭራን ቢቋቋምም ምርቱ ዝቅተኛ ነው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ይህን ስለተረዱ ዝርያውን ከማዳበሪያና ፈሩን በየርቀቱ በአፈር እየገደቡ ውኃ ከማቆር ጋር አጣምረው እንዲቀርብ አደረጉ፤ ሦስቱ በተጣመሩበት ማሳ ምርቱ በእጅጉ ጨመረ፣ አቀንጭራውም ቀነሰ። ጥምረቱ ከሙከራ ማሳ ወጥቶ ሲሰፋ ግን ዘሩ ከሁለቱ ጓደኞቹ ይለያል። ዘር በኪሎ ይታደላል፤ ጉልበት፣ የማዳበሪያ መግዣና ፍግ ግን በኪሎ አይታደሉም። ገበሬው አጭሩን ማሽላ ሲተው «ለውጥ አይወድም» ይባላል። እሱ ግን እህልን፣ ቀለብን፣ ማገዶንና ወፍን አንድ ላይ አስልቶ ነው የወሰነው፤ ስሌቱም ትክክል ነው።

«ዘሩ በባንክ ተቀምጧል፤ ምን ያስጨንቃል?» የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለው የዘረመል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1976 ተቋቁሞ በሺዎች የሚቆጠሩ የማሽላ ናሙናዎችን ጠብቋል፤ ይህ የሚመሰገን ነው። የዚህን ዋጋ ገብስ በሚገባ ያስተምራል። ቢጫ አቀጭጭ የተባለውን የገብስ ቫይረስ የሚቋቋመው ዘረመል ከኢትዮጵያ ገብስ ተወስዶ የካሊፎርኒያን ገብስ ታድጓል፤ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት ገብስ ደግሞ አመዳይ በሽታን የሚከላከል ዘረመል ለአውሮፓ ሰጥቷል። ማሽላም እንዲሁ ነው፤ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ድርቅን ተቋቁሞ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ማሽላ ለማዳቀል የዋለው ቢ35 መነሻው የኢትዮጵያ ነባር ማሽላ ነው።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ግን ሁለት ወገን አለው። ባንክ የተኛ ዘር ለማዳቀል ይበቃል፤ ከሚለዋወጠው ዝናብ፣ ትልና አረም ጋር አብሮ መለወጥ ግን አይችልም። ያ የሚሆነው ማሳ ላይ ብቻ ነው። የዕፅዋት ዘረመል ተመራማሪው ዶክተር መላኩ ወረደ ገበሬው ነባር ዘሩን በማሳው እየዘራና እያሻሻለ እንዲጠብቅ የታገሉት ለዚህ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1989 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ያገኙትም በዚህ ዘርፍ ሥራቸው ነው። ማዕከላትም አይደፈሩም ማለት አይቻልም፤ ለዚህ ቆላ ማሽላ ሲያወጣ የኖረው የስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዝርፊያና ውድመት ደርሶበታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ የማሽላ ዝርያ ሲመዘን እህሉ ብቻ ሳይሆን አገዳውም ይመዘን፤ አቀንጭራን የመቋቋሙ ጠባይ ወደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ወደመሰሉት ረጃጅም ዓይነቶች ይሻገር። ሁለተኛ፣ ፍግ ወደ ማሳ እንዲመለስ ማገዶ ይተካ፤ በየወንዙ ዳርና በየአጥሩ ለማገዶና ለመኖ የሚሆን ዛፍ መትከል የአቀንጭራ መከላከያ ተደርጎ በጀት ይያዝለት። ሦስተኛ፣ ማሽላን በማሽላ ላይ ከመደራረብ እንደ ማሾ ባሉ ጥራጥሬዎች ማፈራረቅ ይበረታታ። አራተኛ፣ በልግ ለሁለትና ሦስት ዓመት ሲቀር የረዥም ጊዜ ዘር ከቤት እንዳይጠፋ በየቀበሌው የዘር ጎተራ ይኑር፤ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ሲመለስ ገበሬው የሚዘራው ያግኝ።

እነዚህ ሁሉ ከአንዲት አዲስ ዝርያ ይልቅ አድካሚ ናቸው፤ ለምረቃ ሥነ ሥርዓትም አይመቹም። ነገር ግን የጎብዬን ማሽላ ያሳሳው ተያይዞ የወረደ የአፈር፣ የአገዳ፣ የከብትና የዝናብ ሰንሰለት ከሆነ፣ የሚያነሳውም ተያይዞ የሚወጣ ሥራ ብቻ ነው። ሳይንቲስቶቻችን አቀንጭራ የምትሰማው የተራበ አፈር ላይ የበቀለ ማሽላ የሚያሰማውን ጥሪ መሆኑን ካወቁ ዓመታት አልፈዋል። ያንን ዕውቀት ወደ ዘር ለውጠነዋል፤ ወደ አፈር መለወጡ የዚህ ትውልድ ዕዳ ነው።